የአማቼ ጢም

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ፋብሪካው ዛሬ ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ሲያጓራ የኖረው ሁለተኛው ቦይለር ጸጥ ሲል ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ነገር መጮህ ጀመረ። ሚስቴ ሮዳ «እንግዲህ አሁን እንኳን ቀስ ብለህ አውራ፣ እንሰማሃለን» አለችኝ።

ሥራው እንደየዓመቱ ነው። የቦይለሩን ሆድ ከፍተን፣ እሳት የበላውን ነጭ ብርድ ልብስ ገሽልጠን አውጥተን በአዲስ እንተካለን። ብርድ ልብስ እንለዋለን እንጂ ማንም አይለብሰውም፤ ከሴራሚክ ክር የተሠራ፣ እሳቱን ከብረቱ የሚለይ ነገር ነው። የቡድኑ አለቃ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑም በእኔ እጅ ነው፤ ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ የምስክር ወረቀቱን ሮዳ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

ኢንጂነር ዱጋል ጠዋት ሰብስቦን ዓመት በዓመት የሚለውን አለ። አዲሱ ክር ያሳክካል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያስቆጣል። አሮጌው ግን ይብሳል፤ ለዓመታት እሳት የጠጣው በኩል ወደ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ ይለወጣል፣ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ በውሃ ማራስ፣ በአየር ቱቦ ልብስ አለማራገፍ፣ የሥራ ልብስ ቤት አለመውሰድ፣ ጭምብል ማድረግ። ጭምብሉ ደግሞ የሚሠራው በተላጨ ፊት ላይ ብቻ ነው። ጠጉር ካለ ላስቲኩ ከቆዳ ጋር አይገጥምም፣ አቧራው በጎን ይገባል።

«ሁሉም ተላጭቷል?» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

«ሁሉም» አልኩት።

አማቼ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። ጢሙ ከአንገቱ በታች ወርዷል።

የእኅቴ የሲኔታ ባል ነው። አማች ስለሆነ ስሙን አልጠራም፣ እዚህም አልጽፈውም፤ የቡድኑ ልጆች ሪዛሙ ይሉታል። ሲኔታ ባለፈው ኖቬምበር ከሞተች ወዲህ አልተላጨም። የዚያን ለት የለበሰውን ጥቁር ሸሚዝም አላወለቀም፣ ቱታውን ከላይ ደርቦበት ነው የሚሠራው። እሱን ከሐዘን የሚፈታው የእሷ ወገን ነው። አሳማ ታርዶ፣ ጎደሬ ተቆልሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጢሙን የሚቆርጠው የእናቷ ልጅ ነው። ያ እኔ ነኝ። እሱ ራሱን ቢላጭ እኅቴን የሰደበ ያህል ነው፤ ፍቱኝ ብሎ መጠየቅም ትልቅ ነውር ነው።

ድግሱ ደግሞ ገና ነው። አሳማዎቹ አልደረሱም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

አጭር ልጻፍ፤ እጄን ያሳክከኛል።

ማፍረስ ጀመርን። አሮጌው ብርድ ልብስ እሳት በነካው በኩል ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረከሳል። የውሃው ቱቦ ጉልበት አጥቶ ከወገብ በላይ አይደርስም። ፓምፕ እስኪመጣ ብንጠብቅ ሥራው ሊጓተት ነው። ደረቁን ገነጠልነው።

አማቼ ጭምብሉን ጢሙ ላይ አስሮ፣ ከላይ በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ። ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። እኔ ጠቅልል አላልኩትም።

ሲወጣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ሳይላስ መቼም አፉ አያርፍም፤ «ኧረ ኑ እዩ! ሪዛሙ ጠዋት ጎልማሳ ገብቶ ከሰዓት ሽማግሌ ሆኖ ወጣ! ጡረታ ይከበርለት!» ሁሉም ሳቀ። አማቼም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። እኔም ስቄያለሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

ዝናብ። ሮዳ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ በሰፊው ልጻፍ።

አክስቴ ዳይና ወደ ማታ መጣች። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከእናቴ ወገን በሕይወት ያለች ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ያ ሰውዬ ያስላል።»

«ጉንፋን ነው አክስቴ። የዚህ ወቅት ነፋስ ሁሉንም ያስላል።»

«እኔን አላሳለኝም። በዚህ ዕድሜዬ እኔን ያልነካ ነፋስ እሱን ብቻ መርጦ ነው?» ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተደላደለች። «ስማ፣ አንዱን አሳማ እረድና ፍታው። የምን ቀጠሮ ነው?»

«በአንድ አሳማ? የሲኔታን ሐዘን በአንድ አሳማ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው በልቶ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ምን ይላል?»

አጎቶቼ ከደሴቶቹ አልመጡም አልኳት። ባሕሩ በዚህ ነፋስ ለጀልባ አይመችም አልኳት። ሲኔታ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ እናታችን እሷን ስትወልድ የሞተችባት ልጅ ናት፣ ለእሷ የሚሆን ድግስ መንደር የሚያወራለት መሆን አለበት አልኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። ጥርሷ ባያኝክላትም የምታኝከውን የቡአይ ፍሬ ከዚህ ጉንጭ ወደዚያ ጉንጭ ታዞራለች።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አሳድጌሃለሁ። ቂም ይዘህበታል?»

«ምን ቂም አለኝ? ነገር ግን እውነቱን ከፈለግሽ፣ እኅቴ በትኩሳት እየነደደች እስኪነጋ ቤት አስቀመጣት። ያን ሌሊት በጀልባ ቢያሻግራት ኖሮ ሆስፒታል ትደርስ ነበር። ባሕሩ እንደሁ ጸጥ ብሎ ነበር።»

«አየኸው? የት ሆነህ አየኸው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንተ የሌሊት ተረኛ ነበርክ። የጀልባው ሞተር ቤትህ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ኪስህ፣ ስልክህ ዝግ! በምን ያሻግራት? በጀርባው አዝሎ ይዋኝ?»

አክስቴ አርጅታለች። የአንዱ ቀን ነገር ከሌላው ቀን ይቀላቀልባታል። ሞተር ሰው ሁሉ ይቆልፋል፤ ካልቆለፉት ይሰረቃል። በሌሊት ሥራ ላይ ስልክ ክልክል ነው፣ ይሄም የታወቀ ነው።

እስከ በሩ ሸኘኋት። ጥቁሩ አሳማ በደንብ ተቀልቦ በሴፕቴምበር ይደርሳል። ያን ጊዜ ነፋሱም ይቀንሳል።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

የሳይላስ ዓይን።

መነጽሩን ላብ ሲያጨልምበት አወለቀ፣ በዚያችው ቅጽበት ከላይ ቁራጭ ወደቀበት። በእጁ ሊያሽ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ቢያሸው ክሩ የዓይኑን ብሌን ይቧጭረዋል። ጎትቼ ቧንቧ ሥር አደረግሁት፤ ሽፋሽፍቱን በጣቶቼ ፈልቅቄ፣ ውሃው ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው እንዲወርድ ጭንቅላቱን አዘንብዬ ያዝኩት።

«አለቃ፣ ልታሰጥመኝ ነው እንዴ!»

«ዝም በልና ዓይንህን ክፈት።»

«ከፍቻለሁ!»

«አፍህን ነው የከፈትከው።»

ክንዴ እስኪዝል አጠብኩት። የክሊኒኳ ነርስ ኤማሊን መጥታ በመብራት አየችው። «ሌላ ሰው ቢሆን አሽቶ አቁስሎት ነበር» አለች። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ማታ ስታጠብ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«አለቃ ለዓይን ጎበዝ ነው።»

«ለዓይን። ለሳንባ ሲሆን ግን አሳማ እስኪደልብ ይጠብቃል።»

ተሳሳቁ። ማን እንደሆኑ ድምፃቸውን አውቄዋለሁ። የእኔ ሐዘን ለእነሱ መሳቂያ ሆነ። ሳሙናውን ሳላለቅልቅ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ፓምፑ መጣ። አሁን እያራስን ነው የምናፈርሰው። ይመዝገብልኝ፤ ለፓምፑ ሦስቴ ተመላልሻለሁ።

ከውጭ ሆኖ አዲሱን ጥቅልል የሚያቀብል አንድ ሰው ያስፈልጋል። አቧራ የሌለበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ለሳይላስ ሰጠሁት፣ ዓይኑ እስኪያገግም ብዬ። ሳይላስ ራሱ «እኔ ደህና ነኝ፣ ሪዛሙን አውጣው፣ ሲያስል ቦይለሩ ያስተጋባል» አለኝ። አልኩት፣ ማዕዘኑን እንደ አማቼ አድርጎ የሚቆርጥ የለም። እውነቴን ነው። ቢላው እሱ እጅ ላይ ሲሆን ብርድ ልብሱ ያለ ክፍተት ይገጥማል።

ሳይላስ አየኝና ጥቅልሉን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ቀልድ ይጨምርበት ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ሜሬ የሲኔታ ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመቷ። በእኛ ዘንድ ልጅ የእናት ወገን ስለሆነ ከእኛ ጋር ትኖራለች። አባቷ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጎጆ ነው፤ ሐዘኑን እስኪጨርስ የሚስቱን ዘመዶች እያገለገለ እዚያ ይቀመጣል። ሜሬ ማታ ማታ ሹልክ ብላ ትሄዳለች፣ እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

ዛሬ ሮዳ ለቤተ ክርስቲያን ስታለብሳት ጮኸች። የልጅቷ ክንዶችና አንድ ጉንጯ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልተዋል፣ አንገቷን በጥፍሯ ልጣዋለች። ገና ሳየው አወቅሁት። በራሴ እጅ ላይ አለ።

«እንዳታክኪው! እጅሽን ወዲያ!»

ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩባት፤ ሳላሽ፣ እንዲሁ እያንቆረቆርኩ፣ ክሩ በራሱ ታጥቦ እንዲወርድ። ከዚያ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ እንደገና ውሃ። ፎጣ እንኳን መታ መታ አድርጌ ነው እንጂ አልጎተትኩም። ቀሚሷን ለብቻው ዘፈዘፍነው። ጥፍሯን ቆረጥኩት። እንደዚህ ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም።

«የት ነው ያገኘሽው?»

«አባዬ ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሸሚዙ እማዬን ይሸታል እኮ።»

ሮዳ ገንዳውን አንስታ ወጣች፣ ተከተልኳት።

«ያን ሸሚዝ የሚያወልቅለት ማነው?» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው።»

የሚገባውን አደረግሁ። ሜሬን ወደ አባቷ ጎጆ እንዳትሄድ ከለከልኳት። አቧራው ከፋብሪካው ወደ ቤት መምጣት የለበትም፣ ሥልጠናውም የሚለው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ ቡራኬው አለቀሰች። ፓስተሩ ሲኔታን አስታውሳ መስሎት አቅፎ ጸለየላት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

በሻይ ሰዓት አማቼ መጣ። ሐዘንተኛ ስለሆነ ከሰው ጋር አይበላም፤ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ግን ሳህኑን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣና በአክብሮት ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሜሬን ለምን እንደከለከሉኝ ገብቶኛል» አለ። «ልክ ነዎት። ከሩቅ አያታለሁ።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሚቆጣ ሰው ቢሆን እኔም እቆጣለሁ፣ ይወጣልናል።

«ካልቻሉ ይረፉ» አልኩት።

«ሥራ ላይ ይሻለኛል። ጎጆዋ ውስጥ ስሆን ነው የሚብስብኝ።»

ጉንጩ ጎድጉዷል። ከሐዘን እስኪፈታ ሲኔታ ከተከለችው ማሳ አይበላም፣ አሳማም አይበላም፣ የቀረለት ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ነው። ሲተነፍስ ከውስጥ የሚያፏጭ ነገር ይሰማል። ሌላ ነገር ሊል ይሆን ብዬ ጠበቅሁት። ሊጠይቀኝ ይሆን ብዬ። እሱም የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ደወል ተደወለ።

አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ እዚያው እሺ እለው ነበር። እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ቢጠይቅ ግን እሺ እለው ነበር።

ዓርብ፣ ጁላይ 19

ዱጋል አየው።

ሳያስበው ነው፤ አማቼ ጨርቁን ፈትቶ ሲያስል ኢንጂነሩ በቦይለሩ መግቢያ ቀዳዳ ብቅ አለ። እኔን ወደ ጎን ጠራኝ። ፊቱ ደም መስሏል።

«ተላጭቷል ብለኸኝ ነበር።»

«የሐዘን ጢም ነው። የባህላችን ነገር ነው።»

ያቺን ቃል ስናገር ሰውዬው እንዴት እንደሚሸሽ አውቅ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ባህል ሲባሉ ትኩስ ድስት እንደነካ እጃቸውን ይሰበስባሉ። «ይቅርታ፣ እሱን አልነካም» አለ። «ግን እንዲህ ሆኖ መሥራት አይችልም። ጢም ላለው ሰው የሚሆን፣ ራስን ሙሉ የሚሸፍንና በሞተር አየር የሚሰጥ ቆብ አለ። ከዋና ከተማው፣ ከፖርት ሞርስቢ አዝዛለሁ። እስኪመጣ ከውጭ ይሥራ።»

«እሺ» አልኩት።

የቀረን የላይኛው ማዕዘን ብቻ ነው። አሮጌው ከሁሉም የባሰበት እዚያ ነው፣ ቆራጭ ደግሞ አንድ እሱ ነው። ሰኞን ብቻ ይጨርስና ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ለአማቼ ኢንጂነሩ ያለውን አልነገርኩትም። መጨነቁ ምን ይጠቅመዋል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ማዕዘኑ አላለቀም። ቆቡ አልመጣም።

ትልቁ አጎቴ ከደሴቱ ደወለ። አክስቴ ዳይና ናት ያስደወለችው፣ ድምፁ ላይ ያስታውቃል።

«መቼ እንምጣ?»

«ነፋሱ...»

«ነፋሱን ተወው፣ እኔ በዚህ ነፋስ ተወልጄ በዚህ ነፋስ አርጅቻለሁ። አንተ ቀን ቁረጥ፣ እኛ እንመጣለን።»

«ሴፕቴምበር» አልኩ።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ» አለ፤ «ሴፕቴምበር ካልክ ሴፕቴምበር ነው። ወንድሟ አንተ ነህ።»

ሮዳ ጥቁሩን አሳማ ስታበላ ሳለ እንዲህ ስትለው ሰማኋት፦ «አንተ ብላ። አንተማ ለመኖር ሰበብ አግኝተሃል።» አሳማው ከዚህ በላይ ምን ሊሰባ ነው? በእግሩ መቆም አቅቶታል።

ጥሩ እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ። ከጎጆዋ የሚመጣው ሳል ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ሲያቆም ደግሞ ተነስቼ አዳምጣለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

በችኮላ ነው። ሆስፒታል ደጅ ነኝ።

ጠዋት። ላይኛው ማዕዘን። ሳይላስ ጮኸ፣ «ሪዛሙ ተቀመጠ!» ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አየር አይገባለትም። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ጎትተን አወጣነው። ወደ ንጹሕ አየር። ሊያስተኙት ሲሉ ከለከልኳቸው፤ የታፈነ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚሻለው። ቱታውን አወለቅነው። ፊቱን አጠብነው፣ አፉን አጉመጠመጥነው። ነርስ ኤማሊን ኦክስጅኑን ይዛ ሮጣ መጣች።

«ሸሚዙን አውልቁት፣ አቧራው እሱ ላይ ነው!»

ሳይላስ ቁልፉን ሊፈታ እጁን ሲሰድ አማቼ ሸሚዙን በሁለት እጁ ጨበጠ። የቀረውን ጉልበት ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያዋለው። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ኤማሊን ወደ እኔ አየች። ዱጋል ሳይቀር።

እኔ ሸሚዙን በውሃ አራስኩት። አቧራው እንዳይነሣ። ላውልቅ አላልኩም፤ እዚያ መሐል፣ አሳማ የለ፣ አጎቶቼ የሉ፣ ምን ብዬ?

ፋብሪካው ከሆስፒታሉ ጋር በአንድ ዳርቻ ስለሆነ በመኪና ወደ አሎታው ከተማ ወሰድነው። መንገዱን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ መጣ። በጣም ቀሏል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ታስረዳለች። ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። ድሮ የሳንባ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ አለ። በዚያ ላይ አቧራው፣ በዚያ ላይ ደግሞ የሳንባ ምች። «ነቀርሳ ታክሞ እንደነበር ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

አውቅ ነበር። ሲኔታ ናት ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆማ መድኃኒቱን ስታስውጠው የነበረችው። ረስቼው ነው እንጂ አውቅ ነበር።

አየሩን በግፊት የሚያስገባ ጭምብል አደረጉለት። አልገጠመም። በጢሙ በኩል ፍስስ እያለ ይወጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል። ነርሷ ምላጭና ሳህን ይዛ መጣች። አማቼ ዓይኑን ሳይከፍት እጇን ያዘው።

«አይ» አለ። «የእሷ ወገኖች።»

ነርሷ የሀገሩ ልጅ ናት፣ ነገሩ ገባት። ሳህኑን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ እኔን አየችኝ። ማሽኑ ይጮኻል።

ኮሪደር ወጥቼ ለአክስቴ ደወልኩ። «ያለ አሳማ ይሆናል?» አልኳት።

«አንተ ወንድሟ አይደለህም?» አለች። «ምላጩን ያዝ።» እያለቀሰች ነበር፣ ዘጋችብኝ።

ተመልሼ ገባሁ። አስቀድሜ ጢሙን በውሃ አራስኩት። ከሥሩ ነጫጭ ደቃቅ ክሮች ሳህኑ ውስጥ ወረዱ፣ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። በመቀስ ቆረጥኩት፣ ከዚያ ሳሙና ቀባሁት፣ ከዚያ ላጨሁት። በድግስ ላይ ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እዚህ ማሽኑ ብቻ ነው። የሚባለውን ቃል አልኩት፦ «ከሐዘናችን ፈትተንዎታል። ይታጠቡ። ከሰው ጋር ይብሉ። እኅታችን በእርስዎ ቅር አላላትም።»

ሸሚዙንም በመቀስ ከፍቼ አወለቅኩት። ደረቱ በሙሉ ቆስሏል። አንዲት ቀን እንኳን አክኮ አላየሁትም። ነርሷ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠቅልላ አሰረችው፣ ሜሬ እንዳታገኘው።

ጭምብሉ ገጠመ። ማሽኑ ዝም አለ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ዶክተሯ ዛሬና ነገ ይለዩልናል አለች። ወደ የትኛው እንደሚለዩ አልጠየቅኳትም።

አክስቴና ሮዳ ሜሬን ይዘው መጡ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አባቷን አየች፣ የተላጨውን ፊቱን፣ ከዚያ እኔን አየች። «አሁን መሄድ እችላለሁ?» አለችኝ። ሂጂ አልኳት። አልጋው ላይ ወጥታ እግሩ ሥር ተኛች። ሮዳ አላናገረችኝም። አክስቴ ጉንጬን በመዳፏ ነካ አድርጋ ወጣች።

ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ አማቼ ነርሷን በእጁ ጠራና ጭምብሉን ለአፍታ እንድታነሳለት ለመናት። ፊቱ ያለ ጢም ልጅ ይመስላል፤ እኅቴን ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ የመጣ ጊዜ እንዲህ ነበር። ጠጋ አልኩ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ። በየቃሉ መሐል ይተነፍሳል። «እንድሞት የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ልክ ነው አልኩ። እኔም ልክ ነው ብዬ ነው ስገባ የነበረው። ቅር አላለኝም።»

ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። በጣም የዋህ ዓይን ነው ያለው፤ ሲኔታ የወደደችው ለዚህ ይሆናል።

እንዴት እንዲህ ያስባሉ ማለት ነበረብኝ። በፍጹም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ በራሱ እስኪወጣ ጠበቅሁት። እሱም ጠበቀኝ።

ነርሷ ጭምብሉን መለሰችለትና የጎብኚ ሰዓት አልቋል፣ ውጣ አለችኝ። ደስ አለኝ።